ዶክተር ጆን ጊበንና የሕፃናት ልብ

የኢትዮጵያ የልብ ማዕከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ሲከፈት፣ ልቡ ቀዳዳ ይዞ ለተወለደ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሕፃን ባሕር መሻገሩ ቀርቶ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመታከም ተስፋ ታየ። ልቡ ተከፍቶ ሲሰፋ ደሙን የሚያዘዋውርለት የልብና የሳንባ መሣሪያ የአሜሪካዊው ሐኪም የዶክተር ጆን ጊበን የረጅም ዘመን ድካም ፍሬ ነው።

ጊበን በ1903 በፊላደልፊያ ተወለዱ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) በ1930 በቦስተን፣ የሳንባዋ የደም ሥር በረጋ ደም የተዘጋባትን አንዲት በሽተኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁ አደሩ፤ በሽተኛዋ ግን አልተረፈችም። ደሟን ከሥሯ ቀድቶ፣ ኦክስጅን አስይዞ መመለስ ቢቻልስ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲያ አልለቀቃቸውም። ከባለቤታቸው ከሜሪ ጋር፣ የድካሙ እኩል ባለድርሻ ሊባሉ ይገባል፣ በድመቶች ላይ ሲሞክሩ ቆይተው በ1935 አንዲት ድመት የሳንባዋ የደም መንገድ ተዘግቶ በመሣሪያው ኃይል ለጊዜው ኖረች።

ለሰው የሚበቃውን መሣሪያ ለመሥራት ከጦርነቱ በኋላ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ መሐንዲሶች ገቡበት። ችግሩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ደም በአጭር ጊዜ ኦክስጅን እንዲይዝ ሰፊ ገጽ ያሻዋል፤ ሲንገላታ ግን ሕዋሱ ይፈርሳል፤ አረፋ ይዞ ከተመለሰም ይገድላል። መፍትሔው ደሙን በቆሙ የሽቦ ወንፊቶች ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ማውረድ ሆነ።

በ1952 የመጀመሪያዋ ታካሚ፣ የ15 ወር ሕፃን፣ ሞተች። በሜይ 6 ቀን 1953 የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብና ሳንባ ሥራ ለ26 ደቂቃ በመሣሪያው ተተክቶ ቀዳዳው ተሰፋ፤ ዳነችም። በጁላይ ግን ሁለት የአምስት ዓመት ልጃገረዶች ሞቱባቸው። ጊበን ከዚያ ወዲያ ልብ ከፍተው አላከሙም። ይህን ሽንፈት ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ንድፋቸውን ሳይሰስቱ ለማዮ ክሊኒክ ሰጥተው ነበርና ዶክተር ጆን ከርክሊን አሻሽለው በ1955 ሕፃናትን ማዳን ጀመሩበት።

አንድ ችግር ግን ቀረ። አምስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም 400 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። የመሣሪያውን ቧንቧ የሚሞላው ፈሳሽ ይህን ደም ያቀጥነዋል፤ ውኃው ወደ ሰውነት ሰርጎ ልብንና ሳንባን ሳይቀር ያሳብጣል። በ1991 የለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናው እንዳበቃ የሕፃኑን ደም በረቂቅ ማጣሪያ አሳልፈው፣ ውኃውን አስወግደው፣ ሕዋሱንና ፕሮቲኑን የሚመልሱበትን ዘዴ አሳወቁ። ጊበን ይህን አላዩም። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1973 ቴኒስ ሲጫወቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ዐረፉ።