ፍራንቼስኮ ዳቲኒ፦ መዝገቡን ለትውልድ ያቆየ ነጋዴ

በመካከለኛው ዘመን በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የተስፋፋው ንግድ የገበያን አሠራር ከመሠረቱ በመለወጡ፣ የታሪክ ጸሐፍት የንግድ አብዮት ብለው ይጠሩታል። የዚያን ዘመን ነጋዴ የዕለት ተዕለት ሥራ በዝርዝር ለማወቅ ካስቻሉት ሰዎች ቀዳሚው ፍራንቼስኮ ዳቲኒ ነው።

ዳቲኒ እ.ኤ.አ. በ1335 ገደማ በጣሊያን፣ በፕራቶ ከተማ፣ ከመጠጥ ቤት ባለቤት ተወለደ። በ1348 የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ አባቱን፣ እናቱንና ሁለት ወንድም እኅቶቹን ስለቀጠፈበት በአንዲት ደግ ሴት እጅ አደገ። በ15 ዓመቱ ገደማ የሮማ ሊቀ ጳጳሳት መቀመጫ ወደነበረችው ወደ አቪኞን ሄዶ በጦር መሣሪያና በብረት ልብስ ንግድ ተሰማራ። ቀስ በቀስም ጨርቅ፣ ጨው፣ ቅመማ ቅመምና ሥዕል እየነገደ ሀብት አፈራ።

በ1383 ወደ ትውልድ ከተማው ከተመለሰ በኋላ በፒሳ፣ በፍሎረንስ፣ በጄኖዋ፣ በባርሴሎና፣ በቫሌንሲያና በማዮርካ ከሸሪኮች ጋር የንግድ ማኅበራት አቋቋመ። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ካፒታልና የራሱ የሒሳብ መዝገብ ነበረው። ወኪሎቹ የሱፍን ዋጋ፣ የገንዘብ ምንዛሪንና የመርከቦችን መምጣት በደብዳቤ ያሳውቁት ነበር። የሐዋላ ወረቀት ሳንቲም ተሸክሞ የመጓዝን አደጋ ሲያስቀር፣ የመርከብ ጭነት ኢንሹራንስ ደግሞ የባሕርን ጉዳት ያቃልል ነበር። እያንዳንዱ ግብይት በዴቢትና በክሬዲት በሁለት ወገን ስለሚመዘገብ ትርፍና ኪሳራው በግልጽ ይታወቅ ነበር።

ሀብቱ ግን ከሥጋት አላዳነውም። ከባለቤቱ ከማርጌሪታ ልጅ አላገኘም። በ1400 ወረርሽኙ ተመልሶ የቅርብ ሸሪኮቹን ሲገድልበት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቦሎኛ ሸሸ። ዕድሜ ልኩን የደከመበት ንብረት ለማን እንደሚቀር የሚለው ጥያቄ በእርጅናው ዘመን የከበደ ጭንቀቱ ሆነ። ምላሹንም በኑዛዜው ሰጠ፤ 70,000 ፍሎሪን ገደማ ከሚገመተው ሀብቱ አብዛኛውን ለፕራቶ ድኾች አወረሰ፤ አስተዳደሩም በከተማው ሕዝብ ተወካዮች እጅ እንዲሆን ወሰነ። በፍሎረንስም ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ መነሻ የሚሆን 1,000 ፍሎሪን ተናዘዘ።

ዳቲኒ በነሐሴ 1410 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ወኪሎቹ ማናቸውንም ወረቀት እንዳይጥሉ አጥብቆ ያዝዝ ስለነበር፣ በ1870 በመኖሪያ ቤቱ ደረጃ ሥር 150,000 ገደማ ደብዳቤዎችና ከ500 በላይ የሒሳብ መዝገቦች ተገኙ። በዘመኑ ከእርሱ የላቀ ሀብት የነበራቸው ነጋዴዎች ነበሩ፤ ይሁንና የዚያ ዘመን ገበያ ዋጋ፣ ዕዳና ውል ዛሬ በዝርዝር የሚታወቀው በአብዛኛው እርሱ በጥንቃቄ ባቆያቸው ሰነዶች ነው። ለድኾች የመሠረተው ተቋምም እስከ ዘመናችን ዘልቋል።