ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በሕመማቸው ዘመን

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው መቅደላ ኖሩ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ። የዐድዋን ድል አንባቢ ሁሉ ያውቀዋልና አልተርከውም። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የኋለኛው ዘመናቸው ነው።

በ1898 ዓ.ም. አካባቢ የአንጎል ምት ያዛቸው። ተሻላቸውና በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። ይሁን እንጂ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ብርቱው ምት ጥሏቸው ሽባ ሆኑ፤ አንደበታቸውም ተያዘ።

እንዲህ ያለ ሕመም ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ፣ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር በስብ መጥበቡ ነው። ዛሬ ሐኪም አንገትን በአልትራሳውንድ አይቶ፣ የደም ግፊትን እየለካ፣ መድኃኒት እየሰጠ በሽተኛውን ለዓመታት ይከታተላል። ያን ጊዜ ከአውሮፓ የመጡት ሐኪሞች እንኳ ይህን የሚያዩበት መሣሪያ አልነበራቸውም። በሎንዶን አንድ የጠበበ የአንገት ሥር በቀዶ ጥገና የተስተካከለው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ካረፉ ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

መንግሥቱ በአልጋው ዙሪያ ቀረ። እቴጌ ጣይቱ፣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን የገዙት የራስ ጉግሣ ወሌ አክስት፣ እያስታመሙም እየሾሙም ቆዩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ሥልጣኑን ነጠቋቸው፤ ማስታመሙ ብቻ ቀረላቸው።

ንጉሡ ከ4 ዓመት የአልጋ ቁራኛነት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይነገር ተደብቆ ቆየ።