ነጫጮቹ መርከቦችና የቀሩት ልጆች

በዚህ እትም የምናነሣው የአኦስታውን መስፍን አሜዴዮን ነው። ሕይወቱን የመረጥነው ስለ ጦር ሜዳው ሳይሆን፣ በጦርነት መሐል ሴቶችንና ሕፃናትን ማውጣት ሲታቀድ ማን እንደሚታሰብና ማን እንደሚረሳ ስለሚያሳየን ነው።

አሜዴዮ በ1891 ዓ.ም. በቱሪን ከጣሊያን ንጉሣዊ ቤተሰብ ተወለደ። በኅዳር 1930 ዓ.ም. ግራዚያኒን ተክቶ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ሆነ። ከግራዚያኒ ይሻላል ተባለለት። ሆኖም በእሱ ዘመን፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ በሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ሴቶችና ሕፃናት ላይ የጣሊያን ጦር የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ ብዙዎችም አለቁ።

ጦርነቱ ሲዞርበት የመስፍኑ ጭንቀት አዲስ አበባ ያሉት ጣሊያናውያን ሴቶችና ልጆች ሆኑ። በከተማዋ ውስጥ ቢዋጋ የሚያልቁት እነሱ ነበሩ። ስለዚህ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማዋን ያለ ውጊያ ለቆ ወደ አምባ አላጌ ሄደ። መጋቢት 28 ቀን የእንግሊዝ ጦር ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ሕዝቡ እንዳይበቀል አዘዙ። መስፍኑ በግንቦት እጁን ሰጠ፤ በየካቲት 1934 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ናይሮቢ ውስጥ ምርኮኛ እንዳለ ታሞ ሞተ።

ሴቶቹ ወደ አገራቸው የተመለሱት ከሞቱ በኋላ ነው። እንግሊዝና ጣሊያን እየተዋጉ ሳሉ በዚህ ጉዳይ ተስማሙ። ቩልካኒያ፣ ሳቱርኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ካዮ ዱይሊዮ የተባሉ 4 መርከቦች ነጭ ቀለም ተቀብተው፣ የቀይ መስቀል ምልክት ይዘው እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ 3 ጊዜ ተመላለሱ። ከበርበራ ወደብ እየጫኑ፣ አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞረው፣ ወደ 28,000 የሚጠጉ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን አደረሱ።

በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣ የጣሊያን ሕግ ግን ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስጠራ ከልክሎ ነበር። አባታቸውን ሰፈሩ ሁሉ እያወቀው በወረቀት ላይ አባት ያጡ ብዙ ክልስ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር እዚሁ ቀሩ። ያሳደጓቸው እናቶቻቸው ናቸው።

እኛም ለክፉ ቀን ገንዘብ ስናጠራቅም ብዙ ጊዜ የምናየው ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ነው። ሒሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል ሊዘጋ ይችላል፤ መዝገቡ ግን የጎደለ ሊሆን ይችላል። በየቀበሌያችን ያለችው የቤት ሠራተኛ፣ ትናንት የገባችው ተከራይ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድገው እናት ተጽፈዋል ወይ? ክፉ ቀን ከመምጣቱ በፊት፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን ገልጠን ስም በስም እንየው።