ጁልዮ ቢዞዜሮና የደም አርጊ ሕዋሳት

ክረምቱ ወጥቶ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ወባ ሲበረታ፣ የሕመምተኛው ፕላትሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 በታች ወርዶ መገኘቱ ለባለሙያው እንግዳ አይደለም። የእነዚህን ደቃቃ ሕዋሳት ተግባር ለይተው ያስረዱት ኢጣሊያዊው ሐኪም ጁልዮ ቢዞዜሮ ናቸው።

ቢዞዜሮ እ.ኤ.አ. በ1846 ተወልደው፣ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ በ20 ዓመታቸው በሕክምና ተመረቁ። በዕድሜ የሚበልጧቸው ካሚሎ ጎልጂ እንኳ የማይክሮስኮፕን ጥበብ የቀሰሙት በእርሳቸው ቤተ ሙከራ ነበር፤ የወባን ትኩሳት መመላለስ ከተውሳኩ መራባት ጋር ያዛመዱትም እኒሁ ጎልጂ ናቸው።

ፕላትሌትን ከእርሳቸው በፊት ያዩ ነበሩ። ቢዞዜሮ ግን ከሰውነት የወጣ ደም ቶሎ እንደሚለወጥ ተረድተው፣ በቶሪኖ በሕይወት ባሉ እንስሳት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ የሚፈሰውን ደም ተመለከቱ። ሥሩ ሲጎዳ ፕላትሌቶቹ ቀድመው ደርሰው ቁስሉ ላይ ሲከመሩ አዩ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1882 በሰፊው አሳተሙ። ዛሬም በወባ የወረደው ቁጥር ተውሳኩ በመድኃኒት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ሕመምተኛው ካልደማ ፕላትሌት መስጠት እምብዛም አያስፈልግም። ከወረቀቱ ቁጥር ይልቅ ድዱን፣ አፍንጫውንና ቆዳውን መመርመር ይቀድማል።

በኋላ ዘመናቸው ዓይናቸው ታሞ ከማይክሮስኮፕ ቢለዩም፣ ለሕዝብ ጤና መከራከራቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1901 በሳንባ ምች ቶሪኖ ላይ ዐረፉ።