ዶክተር ጊዮርጊስ ፓፓኒኮላዉ

ተማሪዎች፥ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ባሉት የቦረናና የሳይንት ደጋዎች፥ ሕመም ካልጠናባቸው በቀር ወደ ሐኪም ቤት የማይሄዱ እናቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ያልታመመ ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ ማመን የቆየ ልማድ ነው። ይህ እምነት ስለ ማኅፀን በር ነቀርሳ (ካንሰር) ሲሆን ግን አደገኛ ስሕተት መሆኑን ያሳየውን ሰው ታሪክ ቀጥሎ አንብቡ።

ጊዮርጊስ ፓፓኒኮላዉ እ.ኤ.አ. በ1883 ኪሚ በምትባል የግሪክ ከተማ ተወለደ። እንደ አባቱ ሐኪም ለመሆን በአቴንስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1904 ተመረቀ። በ1913 ከባለቤቱ ከአንድሮማኪ ጋር ወደ ኒው ዮርክ በተሰደደ ጊዜ ኑሮ ከበዳቸው። እርሱ ለጥቂት ጊዜ በአንድ መደብር ምንጣፍ ሲሸጥ፥ እርሷ የልብስ ቁልፍ ትተክል ነበር። በዓመቱ በኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ ሥራ አገኘ፤ አንድሮማኪም የቤተ ሙከራ ረዳቱ ሆነች።

ፓፓኒኮላዉ በመጀመሪያ የትናንሽ እንስሳትን፥ ቀጥሎም የሴቶችን የማኅፀን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ መረመረ። አንድሮማኪ ለዚህ ጥናት ለብዙ ዓመታት ራሷን አስመረመረች። እርሱም የነቀርሳ ሕዋሳት ቅርጻቸው የተለወጠ ስለሆነ ተለይተው እንደሚታወቁ ተገነዘበ። ይህን በ1928 ለሊቃውንት ቢገልጽም የተቀበለው አልነበረም። ተስፋ ሳይቆርጥ ከዶክተር ኸርበርት ትራውት ጋር ጥናቱን ቀጥሎ በ1941 ውጤቱን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ምርመራው በስሙ ተጠራ፤ በሰፊው በተሠራበት አገር ሁሉ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ሴቶች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ፓፓኒኮላዉ በ1962 አረፈ።

የዚህ ምርመራ ጥቅም ምን ይመስላችኋል? በሽታው ነቀርሳ እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ዓመታት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕመም አይሰማም፤ ከተገኘ ግን በቀላሉ ይድናል። ሕመምና ደም መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ሕክምናው ይከብዳል።

ዛሬ የበሽታው መነሻ ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ መሆኑ ታውቋል። መከላከያ ክትባቱም በአገራችን በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች ደግሞ እንዲመረመሩ ይመከራል። በአገራችን በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው፤ የማኅፀን በር በቀጭን አሴቲክ አሲድ ሲቀባ የተለወጠው ክፍል ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ነቀርሳ ከመሆኑ በፊትም በብርድ ወይም በሙቀት ይታከማል።

እንግዲህ፥ ተማሪዎች፥ ለስንቅ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ይህን ታሪክ ለእናቶቻችሁ ንገሯቸው። ሕመምን ሳይጠብቁ ይመርመሩ።