ብርሃንን የመረመረው ዓይነ ደካማ

ዮሐንስ ኬፕለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1571 በደቡብ ጀርመን፣ ቫይል ደር ሽታት በተባለች ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ፈንጣጣ ነፍሱን ቢምረውም የዓይኑን ብርሃን አዳክሞበት አለፈ። ስለዚህም የፕላኔቶችን ጉዞ ያጠናው በአብዛኛው ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ አይቶ በመዘገበው ነበር።

በዚያ ዘመን መነጽር በጣሊያን ከተሠራ 300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጸሐፍትና የእጅ ሙያተኞች ዕድሜያቸው ሲገፋ ከሥራቸው እንዳይለዩ ረድቷቸዋል፤ ምሥጢሩ ግን ገና ግልጽ አልነበረም።

ኬፕለር በፕራግ የንጉሠ ነገሥቱ የሒሳብ ሊቅ ሳለ በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምስል የሚያርፈው ከዓይን በስተኋላ ባለው ስስ ሽፋን፣ በሬቲና ላይ፣ ተገልብጦ መሆኑን አስረዳ። ብርሃን ከሬቲናው በፊት ከተሰበሰበ ሩቁ ይደበዝዛል፤ መሃሉ የሳሳ መነጽር ያስተካክለዋል። ከሬቲናው ኋላ የሚሰበሰብ ከሆነ ቅርቡ ይደበዝዛል፤ መሃሉ የወፈረ መነጽር ያስተካክለዋል።

ኬፕለር በ1630 በሬገንስበርግ አረፈ፤ መቃብሩም በጦርነት ጠፋ። ዛሬ የዓይን ሐኪም መነጽር ሲያዝዝ ግን መነሻው ያ ዓይነ ደካማ ሊቅ የገለጠው ሕግ ነው።