ግንበኛው የሰማይ ፎቶግራፍ አንሺ ኢሳቅ ሮበርትስ

ኢሳቅ ሮበርትስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1829 ዓ.ም. በዌልስ አገር ግሮስ በምትባል መንደር ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው።) በልጅነቱ ወደ ሊቨርፑል ሄዶ በ1844፥ በ15 ዓመቱ፥ ከሕንጻ ሠሪዎች ዘንድ በተለማማጅነት ገባ። ቀን ሲሠራ እየዋለ ማታ ይማር ነበር። በትጋቱም ሥራው ተስፋፍቶ ሀብት አፈራ።

ይሁን እንጂ ልቡ ያረፈው በሰማይ ላይ ነበር። በ1885 በሊቨርፑል አቅራቢያ መስተዋቱ 51 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ አቆመ። በዚህም ቴሌስኮፕ በዓይን ሲታይ ደብዘዝ ያለ ደመና የሚመስለውን አንድሮሜዳን ፎቶግራፍ አነሣ።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ብርሃኑ ደካማ ስለ ሆነ የፎቶግራፉ መስተዋት ለብዙ ሰዓት ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ ምድር ደግሞ ስለምትዞር ከዋክብቱ ከቦታቸው የሸሹ ይመስላሉ። ስለዚህ ቴሌስኮፑ እንደ ሰዓት በሚሠራ መዘውር ሰማዩን እየተከተለ መዞር ነበረበት። ዛሬም በትንሽ ቴሌስኮፕ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሁሉ የሚታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነው።

በዲሴምበር 29 ቀን 1888 ሌሊት ሮበርትስ መስተዋቱን 4 ሰዓት ያህል ከፍቶ ቆየ። ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲወጣ፥ ደመና ይመስል የነበረው አንድሮሜዳ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ ሆኖ ታየ። ያን ጊዜ ዕድሜው 59 ዓመት ነበር። በ1895 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው።

የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። ሮበርትስ ያነሣው እውነተኛውን መልክ ሲሆን የሰጠው ትርጓሜ የተሳሳተ ነበር። እርሱ ያየው ገና በመወለድ ላይ ያለ እንደ እኛው ያለ የፀሐይ ሥርዓት መሰለው። በ1904 ሲሞት፥ ከሀብቱ ለሊቨርፑልና ለዌልስ ተማሪዎች መርጃ ተናዝዞ ነበር፤ ስሕተቱን ግን አላወቀም። በ1923 አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል በአንድሮሜዳ ውስጥ ብርሃኑ የሚለዋወጥ ኮከብ አግኝቶ፥ አንድሮሜዳ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ሌላ የከዋክብት ዓለም መሆኑን አስረዳ። ርቀቱም 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ እኛም በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ስንሰናበት፥ ያልተሳሳተ ሰው ለመባል አንመኝ። ሥራችንን እንደ ሮበርትስ በጥንቃቄና በእውነት ብንሠራ፥ የሳትነውን ከኋላችን የሚመጣው ያርመዋል። ጨረቃ በሌለችበት የኅዳር ምሽት ከመብራት ርቀን ወደ ሰሜን ሰማይ ብንመለከት፥ ያች ደብዛዛ ብርሃን ለእኛም ትታየናለች።